ክንዷ አልነሳ ብሎ ጨረሩ ተላለፈ፤ ለእናንተስ ቀድሞ የነገራችሁ ሰው ነበር?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ 34 ሲደርስ አዲስ የሚገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ጠፋው። ጠቅለል አድርገሽ ጻፊልን ያላችሁኝም በዛችሁ። እሺ። የማንንም ቃል ሳልገለብጥ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ እተርካለሁ። የተናደድኩበትም ቦታ አለ፤ አልደብቅም።

መጀመሪያ የኔ ጥያቄ።

እማዬ 58 ዓመቷ ነው። ቤታችን ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። ባለፈው ሰኔ የግራ ጡቷ በቀዶ ጥገና ወጣ፤ ከብብቷም ንፍፊት ተነሣ። ከዚያ ኬሞ ጀመረች። ከሆስፒታል ስንወጣ ስለ እጇ የተነገረን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በዚያ እጅ ከባድ ነገር እንዳታነሳ። ሆስፒታሉን አልጠራም። ቤት ስንደርስ «ከባድ» የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቆ «እንዳታነሳ» ብቻ ቀረ። እንጀራው የኔ ሆነ፣ ልብሱ የእህቴ። ቡናውን ጎረቤት ያፈላል። ሻሿን እንኳ የምናስርላት እኛ ነበርን። እማዬ ክንዷን ደረቷ ላይ ሰብስባ ሰባት ወር ተቀመጠች። እኛም እየተንከባከብናት መስሎን ነበር።

ጥር ላይ ለጨረር ሕክምናው ልኬት ተጠራን። ጨረሩ ደረቷ ላይ ሲያርፍ ክንዷ መንገድ እንዳይዘጋ፣ በጀርባዋ ተኝታ እጇን ከራሷ በላይ አድርጋ መያዝ ነበረባት። ክንዷ ትከሻዋ ጋ ሲደርስ ቀጥ አለ። ልትገፋው ሞከረች፤ እንባዋ መጣ። ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ የሚሰጠውን ሕክምና፣ ሠርታችሁ ክንዱ ሲፈታ ተመለሱ ተባልን። ስንት ቀን የቆጠርንለት ቀጠሮ እንዲያ ሆኖ ቀረ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ለካንሰር ታማሚ ፊዚዮቴራፒ እንደሚያስፈልግ ታውቁ ነበር? ቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ወጌሻ ጋስ ብንወስዳት?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ባልጻፍኳት ይሻል ነበር።

መልስ 1 እና 2 ምሕረቱን ያውርድላት የሚሉ ናቸው። አሜን።

መልስ 3 የጻፈችው ከቀዶ ጥገናዋ አራት ዓመት የሆናት ሴት ናት። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ለሚ ኩራ የሄደች ናት። እሷም ላይ ይሄው ደርሷል። የፈታት ግድግዳ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቆማለች፣ ጣቶቿን እንደ ሸረሪት እያስኬደች ወደ ላይ ትወጣለች፣ የደረሰችበት ላይ በከሰል ምልክት ታደርጋለች። በማግስቱ ከምልክቱ ትንሽ ለማለፍ ትሞክራለች። ሌላው ደግሞ በጀርባ ተኝቶ የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያሉ ወደ ራስ በላይ መውሰድ ነው። ደህናው እጅ የታመመውን ይረዳዋል። ቤቷ ሲፈርስ ያሳዘናት ያ የከሰል ግድግዳ መሆኑን ጨምራ ጻፈች። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

መልስ 4 አንድ ወንድም ነው። እንቅስቃሴ ደም ያዘዋውራል፣ ደም ደግሞ ካንሰሩን ይበትነዋል ሲል አስጠነቀቀን። ከአክስቱ ነው የሰማው። እውነቱን ለመናገር እማዬም በሆዷ የያዘችው ፍርሃት ይሄው ነበር። ለኔ ያልነገረችኝን እሱ ጻፈልኝ።

መልስ 5 ላይ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ የሚል ሰው ገባ። በጨዋ ቃል ነው አራተኛውን ያረመው። እንቅስቃሴ ካንሰርን እንደሚበትን የሚያሳይ ማስረጃ የለም፤ ልብ እንደሆነ ተኝተንም ደም ከማዘዋወር አያርፍም። ከዚያ ክንዱ ለምን እንደሚደርቅ አስረዳ። ጠባሳው ይሰበሰባል፣ የደረት ጡንቻ ያጥራል፣ ሰውየው ሕመሙን ፈርቶ ትከሻውን ወደ ፊት ያጎብጣል። ጨረር ሲጨመርበት ቆዳና ጡንቻው ይበልጥ ይጠነክራል። ስለዚህ ሥራው ከቀዶ ጥገናው ማግስት ይጀመራል፦ ጣትን መጨበጥና መዘርጋት፣ ክርንን ማጠፍ፣ በዚያው እጅ ፊት መታጠብ። ከቁስሉ ፈሳሽ የሚቀበለው ቱቦ እስኪወጣ ክንድን ከትከሻ በላይ አለማንሳት፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከፍ ማድረግ። እንግሊዝ አገር 392 ሴቶች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም ጠቀሰ። ከቀዶ ጥገና ከሰባት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ በፊዚዮቴራፒስት እየተመሩ የጀመሩት ከዓመት በኋላ ክንዳቸው የተሻለ ይሠራ ነበር፣ ጉዳትም አልጨመረባቸውም።

ከሰባት እስከ አሥር ቀን። እኛ ሰባት ወር።

መልስ 6 የኔ ነው። እማዬ ክንዷን ስትዘረጋ ከብብቷ እስከ ክርኗ ቆዳ ሥር የሚወጠር ነገር እንዳለ ጠየቅኩ። ጅማት ተቆርጦ ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። መልስ 7 ላይ ያው ባለሙያ እንደ ክራር ክር ነው አይደል ብሎ ጠየቀኝ። ልክ እንደዚያ ነው! በቀዶ ጥገናው የተነኩት የሊምፍ ቱቦዎች፣ ማለትም ከሰውነት ትርፍ ፈሳሽ የሚያስወግዱት ስስ ቧንቧዎች፣ ደርቀው የሚሠሩት ገመድ ነው ይባላል፤ ብዙ ሴቶች ላይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ይለቃል፣ ለማላቀቁ መዘርጋት ይረዳል። በኃይል መጫንና ለመበጠስ መታገል ግን አያስፈልግም።

ከመልስ 8 ጀምሮ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው ስለ ወጌሻዎች ጻፈ። አያቱ ወጌሻ ነበሩ፤ ሐኪም እግሩ ይቆረጥ ያለውን ሰው ያስነሱ። ለደረቀ ክንድ ሞቅ ያለ ቅቤና ጥሩ እሽት ይበቃል፣ ፊዚዮቴራፒ የሚባለው የፈረንጅ ወጌሻ ነው ሲል ደመደመ። መልስ 9 ባለሙያው ነው፤ የመጀመሪያው ትሕትናው ቀርቷል። ንፍፊት የተነሣበት ክንድ ላይ ጠንካራ እሽት ማድረግ ቆሻሻው በሚፈስበት ቦይ ላይ አፈር እንደመድፋት ነው አለ። የሊምፍ ማፍሰስ የሚባለው እሽት በጣም ስስ ነው፤ ቆዳን ብቻ ወደ ጤነኛው ወገን ይገፋል፣ ሰርስሮ አይገባም። መልስ 10 ስምንተኛውን መሃይም አለው። አወያዩ ቃሉን አጠፋው፣ ሁላችንም ግን አንብበነዋል።

ጸጥ ያሰኘን መልስ 11 ነው። ጸሐፊዋ እህት ናት። ወንድሟ ጀርባውን ያመው ነበር፤ በተለይ ሌሊት፣ ተኝቶም አይለቀውም። የታከመው የፕሮስቴት ካንሰር ከጀርባው ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ወጌሻ ጋ ሦስት ቀን ታሸ። በአራተኛው ቀን እግሩ አልታዘዝ አለው። ካንሰሩ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ነበር። ወጌሻው አጠፋ አላለችም፤ አጥንቱ ውስጥ ያለውን እሱም አላየም። ግን ካንሰር የነበረበት ሰው እንዲህ ያለ የጀርባ ሕመም ሲይዘው፣ እግሩ ሲዝል ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ማንም ሳይነካው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው ብላ ለመነች። ፊዚዮቴራፒስትም ቢሆን የአጥንቱን ፎቶ ሳያይ አይንካው አለች። ባለሙያው ይህን አላስተባበለም።

መልስ 12 ላይ የወጌሻው የልጅ ልጅ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። አያቱም እጢ የዳሰሱ እንደሆነ አይነኩም ነበር፤ ሐኪም ቤት ሂዱ ይሉ ነበር አለ። ይህን መጀመሪያ ቢጽፈው ኖሮ ከአራት መልስ በዳንን።

13፣ 14 እና 15 ንፍፊት በተነሣበት ክንድ ላይ ስለሚመጣው እብጠት ናቸው። ሳሳጥረው፦ እብጠቱ ቀዶ ጥገናው ካለፈ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። መጀመሪያ ክንድ ይከብዳል፣ ቀለበት ወይም የቀሚስ እጅጌ ይጠብቃል። ያኔ ቶሎ ከተያዘ ይቀላል። ሕክምናው ስሱ እሽት፣ በንብርብር የሚታሰር ፋሻ፣ የሚጨምቅ እጅጌ፣ የቆዳ እንክብካቤና እንቅስቃሴ ሆኖ አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ከፋርማሲ የሚገዛው ለስፖርተኛ ጉልበት የሚታሰረው የሚለጠጥ ፋሻ ለዚህ የሚሆነው ዓይነት አይደለም። ድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ካመጣ ደግሞ ሐኪም ይቅደም።

14ኛዋ ያነሳችው የምጣድ ነገር ግን ለኛ ቤት ነው የተጻፈው። በዚያ እጅ መቃጠልና መቆረጥ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ታዲያ እንጀራ መጋገር ይቅር? አይቅር። ረዘም ያለ የጨርቅ ጓንት ይደረግ፣ አክንባሎው በደህናው እጅ ይነሳ። ሽንኩርት ሲከተፍም ቢላዋው በየትኛው እጅ እንዳለ ይታሰብበት። እማዬ ይህን ሳነብላት ሳቀች። ከሰባት ወር በኋላ ምጣዱን ልትቀማኝ ነው ማለት ነው።

መልስ 16 ነርስ ናት፤ አሥራ አራተኛዋን በአንድ ነገር አረመች። ደም ግፊት በዚያ እጅ በጭራሽ አይለካም ያለችው የተጋነነ ነው። ደህናው እጅ ካለ በሱ ይሁን። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሕይወት ይቀድማል፤ አንዴ በመለካቱ ክንድ ያብጣል ብላችሁ ከሐኪም ጋር አትጣሉ አለች። እሷ ላይ የተጣላባት ሰው እንዳለ ያስታውቃል።

መልስ 17 ሁላችንንም ገሠጸን። አባቱን ከክፍለ ሀገር ይዞ መጥቶ ጥቁር አንበሳ አጠገብ አልጋ ተከራይቶ ጨረር እየጠበቀ ያለ ልጅ ነው። እናንተ መሃል ከተማ ቁጭ ብላችሁ ስለ ክራር ክር ታወራላችሁ፣ እኛ አልጋና ምግብ እየከፈልን ተራ እንቆጥራለን ሲል ጻፈ። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ ጨረር የሚሰጠው እዚያ ብቻ እንደነበር አስታወሰ። አሁን ጅማና ሐረር ቢጨመሩም የሱ አባት እዚህ ነው የተላኩት። ፊዚዮቴራፒ የሀብታም ወሬ ነው አለ።

ተናደድኩ። ልመልስለት ጽፌ አጠፋሁት። እኛም ሀብታም አይደለንም፣ ግን ማታ የምንተኛው ቤታችን ነው።

18ኛው በርጋታ መለሰለት። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ እንደሚያግዝ ነግሮ፣ ሄደህ ጠይቅ አለው። 19ኛዋ፣ ያቺው የፒያሳዋ ሴት፣ ሌላ ነገር አነሳች። ተራ የሚጠበቅበት ጊዜ ራሱ ነው ክንድ የሚደርቅበት። ግድግዳ ደግሞ ተከራይተው የተኙበት ክፍልም አለው። ልጁ መልስ 20 ላይ አባቱ የታመሙት ጉሮሯቸውን እንደሆነ ጻፈ። ታዲያ ለሳቸው የቱ ግድግዳ ነው ብሎ አፌዘ።

ባለሙያው መልስ 21 ላይ ለፌዙ ቁም ነገር መለሰ። ለጉሮሮና ለመንጋጋ ጨረር የሚወስድ ሰው አፉ እየጠበበ ሊሄድ ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ሦስት ጣት ደርቦ በቁሙ አፍ ውስጥ ማስገባት። ሦስቱ ካልገቡ መንጋጋው መያዝ ጀምሯል። ስለዚህ ከጨረሩ በፊት ተለክቶ፣ በየቀኑ አፍን መክፈት፣ መንጋጋን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ማንቀሳቀስ፣ አንገትን ማዞር ይጀመራል። ልጁ ከአንድ ቀን በኋላ ተመለሰ። አባቱ ሁለት ጣት ተኩል ናቸው። ትልቅ ጉርሻ ካቃታቸው ሰንብተዋል፤ ቤተሰቡ ምግብ አስጠልቷቸው ነው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁ በዚህ ክር ላይ ተሳልቆ አያውቅም።

መልስ 22 ባለሙያውን ክሊኒክህን እያስተዋወቅክ ነው ብሎ ከሰሰው። እሱ ግን የት እንደሚሠራ አንዴም አልተናገረም። 23 ላይ ይህንኑ ጽፌ ክሱን ዘጋሁት። ትንሽ ሳላከርረው አልቀረሁም።

ከዚያ ክሩ ወደ ጾም ዞረ። ዐቢይ ጾም እየመጣ ስለነበር መልስ 24 ላይ አንዲት እናት ስለ ስግደት ጠየቁ። ኬሞ ከጨረሱ ሁለት ወራቸው ነው፤ መሬት ወርደው ሲነሱ በእጃቸው ይደገፋሉ፣ ክንዳቸው ይከብዳቸዋል። መልስ 25 የመለሰላቸው ዲያቆን ነው። የታመመ ሰው አቅሙ እንደፈቀደ እንደሚሰግድ፣ ከንስሐ አባታቸው ጋር ተነጋግረው በአስተብርኮ፣ ማለትም ጉልበትን በማንበርከክ ብቻ ቢሆንም፣ እንደሚበቃ ነገራቸው። መልስ 26 አንዲት ሙስሊም እህት ናት። እሷ ወንበር ላይ ሆና እንደምትሰግድና አላህ አቅምን እንደሚያውቅ ጻፈች። ባለሙያው ደግሞ ስግደትን ራሱ ወደ ሕክምናው አስገባው። ክንዱ ካላበጠና ሐኪም ካልከለከለ፣ በጥቂቱ ጀምሮ በየቀኑ መጨመር እንደማንኛውም እንቅስቃሴ ነው አለ። አልፎም፣ ያበጠ ክንድ ክብደት አያንሳ የሚለው የድሮ ምክር መቀየሩን ነገረን። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ክንዳቸው ያበጠባቸው 141 ሴቶች ነበሩ። በሳምንት ሁለቴ፣ ከቀላል ጀምረው፣ እጅጌ አድርገውና በአሠልጣኝ እየታዩ ክብደት ያነሱት እብጠታቸው አልጨመረም። የሚባባስባቸውም ክብደት ካላነሱት ይልቅ ጥቂት ነበሩ።

እኛ ከሆስፒታል ይዘን የወጣነው ምክር የትኛው ዘመን እንደነበር እንግዲህ እናንተ ቁጠሩት።

ከ28 እስከ 30 ስለ ተልባ፣ ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ማር ነው። አወያዩ ወደ ሌላ ክር ወሰደው። ጥሩ አደረገ።

መልስ 31 አባት ነው። የስድስት ዓመት ልጁ የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ናት። እየሄደች ጣቷ መሬት ይይዝና ትወድቃለች፤ ሰነፍሽ ብሎ የተቆጣባት ቀን አለ። በኋላ ከሚሰጧት መድኃኒቶች አንዱ፣ ቪንክሪስቲን የሚባለው፣ የእግር ነርቭን እንደሚያዳክም ተነገረው። አሁን ቁርጭምጭሚቷን የሚደግፍ ነገር ታደርጋለች፣ እየተጫወቱ ተረከዝ ላይ መሄድ ይለማመዳሉ። ባለሙያው አዋቂዎችም ከኬሞ በኋላ እግራቸው እንደሚደነዝዝ ጨመረ። ቤት ውስጥ የሚያዳልጥ ምንጣፍ ይነሳ፣ ሌሊት መብራት ይኑር፣ ወንበር ይዞ በአንድ እግር መቆም ይለመድ። አባትየው ይቅርታ ጠየቅኳት፣ እሷ ግን ረስታዋለች ብሎ ጨረሰ።

መልስ 32 ስም አልሰጠችም፤ የማኅፀን በር ካንሰር ታክማ ሽንት እንደሚያመልጣት ጻፈች። እዚህ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ አያውቅም። ለዚያ ጡንቻም ፊዚዮቴራፒ እንዳለና እንደማያሳፍር የነገሯት ሴቶች በውስጥ መስመር መሆኑን አውቃለሁ፤ አንዷ እኔ ነኝና።

መልስ 33 ወጣት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ታክሞ ሕክምናውን ጨርሷል። ድካሙ ግን አለቀቀውም፤ በተኛ ቁጥር ይብስበታል። በእግሩ ነው የተላቀቀው። ጠዋት ከለገሃር ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ይይዛል። መጀመሪያ ብሔራዊ ቴአትር ጋ ያርፍ ነበር፤ አሁን እስከ ማዘጋጃ ቤት ይወጣል። ከተማችን 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ደም ያነሰው ሰው ዳገቱን በአንዴ አይሞክረው አለ። ልኩ እያወሩ መሄድ መቻል ነው፤ ወሬው ከተቆራረጠ ይዘገያል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት በጣም ከወረደ ወይም ትኩሳት ካለ ያን ቀን ቤት ይዋል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣውን ጥናት አመጣ። እንደሱ ያለ ካንሰር ታክመው የጨረሱ 889 ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ ለሦስት ዓመት በባለሙያ እየተመሩ ተንቀሳቀሱ፣ ለሌሎቹ የሚነበብ ምክር ብቻ ተሰጠ። በአምስተኛው ዓመት ካንሰር ሳያገረሽባቸው በሕይወት የቆዩት በመጀመሪያው ቡድን 80 ከመቶ ገደማ፣ በሁለተኛው 74 ገደማ ነበሩ። ባለሙያው ይህን ለሁሉም ካንሰር አታድርጉት ብሎ አረመው። ልጁም እሺ አለ፤ ዳገቱ ግን የኔ ነው አለ።

መልስ 34 የፒያሳዋ ሴት ናት። ምልክቱ የት ደረሰ ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ 35 ይሄ ነው።

እማዬ በቀን ሦስት ጊዜ ግድግዳው ጋ ትቆማለች። ከሰሉን ራሷ ነው የምትይዘው፤ ለኛ አትሰጥም። የመጀመሪያው ሳምንት ምልክት ሁሉ አንድ ቦታ ተደራርቦ ጥቁር ሆኖ ነበር። ፊዚዮቴራፒስቷ በሳምንት ሁለቴ ታያታለች፤ ትከሻሽን ወደ ጆሮሽ አትስቀይ እያለች ትቆጣታለች። በአምስተኛው ሳምንት የመብራት ማብሪያውን አለፈች። ትናንት የቀን መቁጠሪያው የተሰቀለበትን ሚስማር ነካች። ለልኬት ሐሙስ እንመለሳለን። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሻሿን አስራ ነው ያገኘኋት። ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ ላስተካክልልሽ ስላት እጄን መታችኝ። በዚያው በግራው።